ኮሪያ እውነት ከኛ ኋላ ነበረች?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ደቡብ ኮሪያ ናቸው። የሁለቱን ሀገር ኑሮ ጎን ለጎን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በቲክቶክም በፌስቡክም በዝተዋል፣ ሰዉ አይቶ ዝም አይልም፣ ይጠይቃል፣ ይበሳጫል፣ አንዳንዱማ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚ አምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ከኮሪያ ሀብታም ነበረች፣ ወታደር ልከን ያዳንናቸው እኛ ነን፣ ዛሬ ግን እነሱ የት ደረሱ እኛ የት ቀረን ይላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ሆነን ነው? (አቶ መ.፣ ሹፌር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አቶ መ.፣ ወታደር መላካችን እውነት ነው፣ ሀብታም ነበርን የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር እንኳን በቅጡ የቆጠረ አልነበረም፣ የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የህዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም ነው። የዓለም ባንክ የኮሪያን የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ1960 ጀምሮ መዝግቦታል፣ በዛ ዓመት 158 ዶላር ገደማ ነበር፣ የኛ መዝገብ ግን የሚጀምረው ከ1981 ነው። የድሮ ኢኮኖሚዎችን ወደ ኋላ ሄዶ በማስላት የሚታወቀው አንገስ ማዲሰን ባወጣው ግምት ደግሞ በ1950 የአንድ ኢትዮጵያዊ ገቢ የአንድ ኮሪያዊን ግማሽ አይሞላም። ሁለታችንም ድሆች ነበርን፣ እኛ ግን የባሰብን ነበርን።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ ካሉኝ፣ ከታየው ነገር ነው የመጣ ይመስለኛል። ወደ ኮሪያ ጦርነት የላክነው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ቡሳን ወደብ ሲወርዱ ያገኙት አመድ የሆነ ሀገር ነበር፣ ሴኡል በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተገላበጠች ከተማ ናት፣ ህጻናት በየመንገዱ ይለምናሉ፣ ተፈናቃዩ በካርቶንና በጣውላ በተሰራ ጎጆ ይኖራል። አዲስ አበባ ደግሞ ያኔ የራሷ አየር መንገድ አላት፣ ንጉሠ ነገሥቱን ዓለም ያከብራቸዋል። ይህን ያየ ሰው እኛ እንሻላለን ቢል አይፈረድበትም። ግን የተወዳደረው የአንዱ ሀገር ዋና ከተማ ከሌላው ሀገር የጦር ሜዳ ጋር ነው፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለውን ጭሰኛና ያኔ የኮሪያ ገጠር ውስጥ የነበረውን ገበሬ ቢያወዳድሩ ሌላ ነገር ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለኔ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። ኮሪያ ውስጥም ባለመሬቱ ከጭሰኛው የምርቱን ግማሽ ይወስድ ነበር። ሰሜኖቹ በ1946 መሬት ለገበሬው ሲያከፋፍሉ ደቡቦቹ ደነገጡ፣ አሜሪካኖቹም ገፏቸው፣ እና በ1949 ህግ ወጥቶ በ1950 ማከፋፈል ተጀመረ። ማንም ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ መያዝ አይችልም ተባለ፣ ጭሰኛው ያረሰውን መሬት ወስዶ የአንድ ዓመት ተኩል ምርት የሚያህል በ5 ዓመት ውስጥ ከፍሎ ባለቤት ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ፋብሪካ ሳይኖር ነው፣ ሳምሰንግ የሚባል ስልክ ሳይታሰብ ነው። ቀጥሎ ትምህርት ቤት። ጃፓኖቹ በ1945 ሲወጡ ከ10 ኮሪያዊ 8ቱ ገደማ ማንበብ አይችልም ነበር፣ በጦርነቱ መሀል እንኳን በድንኳን ያስተምሩ ነበር፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤት ገብተዋል። ይህ ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግስት ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ሁሉንም ነገር አንድ ጠንካራ መሪ ሰራው የሚሉ ሰዎች ይህችን ሁሌ ይዘሏታል።

እኛ ጋር በዛው ዘመን ጭሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ እየገበረ ነበር፣ ማንበብ የሚችለውም ከ10 ሰው አንድ አይሞላም። ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም ነው፣ አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ከኮሪያ 25 ዓመት ዘግይቶ። እሱም ቢሆን ጭሰኝነትን አጠፋ እንጂ ገበሬውን ባለቤት አላደረገውም፣ መሬቱ የመንግስት ሆነ። ትልቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም ነው፣ በጣም የሚያኮራ ስራ ነበር፣ ዩኔስኮም ሸልሞናል፣ ግን ያስተማረውም የተማረውም ወጣት ብዙ ሳይቆይ ወደ ጦር ግንባር ነው የሄደው። ከዛ የ77ቱ ረሀብ መጣ። ይህንን ስጽፍ ይከፋኛል፣ ምክንያቱም ጉልበትም ፍላጎትም አልጎደለንም ነበር።

የኮሪያን መንገድም ሲያዩ ሙሉውን ይዩ። የአሜሪካ እርዳታ በጣም ብዙ ነበር፣ በ1950ዎቹ የመንግስታቸው ወጪ ትልቅ ክፍል ከዛ ነው የሚሸፈነው። በ1965 ከጃፓን ጋር ሲታረቁ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ 200 ሚሊዮን ደግሞ በብድር አገኙ፣ ከፊሉ በፖሃንግ ለተሰራው የብረት ፋብሪካ ዋለ። መጀመሪያ ላይ ወደ ውጭ ይልኩ የነበረው ጨርቅና ጣውላ ነው፣ አዎ ዊግም፣ ከሴቶቻቸው ጸጉር የተሰራ። የውጭ ሽያጫቸው በ1964 ገና 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ1977 10 ቢሊዮን ገባ። ዕዳም አለበት፣ ደምም አለበት፣ በግንቦት 1980 ክዋንግጁ ከተማ ላይ ወታደሩ በራሱ ህዝብ ላይ ተኩሷል። በነጻነት መምረጥ የጀመሩት ህዝቡ አደባባይ ወጥቶ በ1987 ካስገደደ በኋላ ነው።

ለልጆችዎ ይህንንም ይንገሩልኝ። በ2000 ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚወለዱ 1,000 ህጻናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ህጻናት ከ58 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወርደዋል። ይህ በገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልፋት ነው። 38 በመቶ አሁንም የሚያሳፍር ቁጥር ነው፣ ግን ቆመን ቀርተናል የሚለው ቪዲዮ እነዚህን ሴቶች አያውቃቸውም።

ጥያቄ፦ አያቴ ቃኘው ሻለቃ ነበሩ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ቤተሰባችን ውስጥ ኮሪያ ውለታችንን ረስታለች የሚል አለ፣ የለም ታስታውሳለች የሚልም አለ። የቱ ነው? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር)

መልስ፦ ታስታውሳለች። ቹንቾን የምትባል ከተማ አለች፣ ከሴኡል ሰሜን ምስራቅ፣ የኛ ልጆች በአካባቢዋ የተዋጉባት። እዛ በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተገኙበት ሀውልት ቆሟል፣ በ2007 ደግሞ ጣሪያው በኛ ጎጆ ቤት ቅርጽ የተሰራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። ከ120 በላይ ሰው ሞቶብናል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም፣ ይህችን ኮሪያኖቹም እየደጋገሙ ያነሷታል። እዚሁ አዲስ አበባም አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያ ሄደህ እየው፣ በ2004 የተከፈተውንና ሰዉ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለውንም ታውቀዋለህ።

የረሳናቸውስ እኛ ነን ብል ደስ አይለኝም ግን እውነቱ ወደዛ ያደላል። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን ለደቡብ የተዋጋ ሰው ስለ ሜዳሊያው ማውራት የማይችልበት ጊዜ መጣ፣ ብዙዎቹ በዝምታ ነው ያረጁት። የአያትህ ፎቶና ወረቀት ካለ አታስቀምጠው፣ ኮፒ አድርገህ ለዘማቾቹ ማህበር ስጥ፣ የዘማች የልጅ ልጆች የሚያገኙት የትምህርት ድጋፍም ስላለ እዛው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የግብርና ልማት ሰራተኛ ነኝ። በስልጠና ላይ ስለ ሳማኡል ኡንዶንግ ነግረውን ነበር፣ ኮሪያ ገጠሯን በ10 ዓመት የቀየረችበት ነው ተባለ። እኛ ቀበሌ ቢሞከር ይሰራል? (ከደብረ ማርቆስ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ስልጠናው ላይ ምን እንደተነገረህ እገምታለሁ፣ "የአስተሳሰብ ለውጥ" ምናምን። ትክክል ነው፣ ይህ ነበረበት። ግን የተደረገውን ነገር ልንገርህ። በ1970 መንግስት ከ33,000 በላይ ለሚሆኑ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ ሰጠ፣ የምትሰሩበትን ራሳችሁ ተስማሙ አለ፣ ለግል መከፋፈል ብቻ ነው የተከለከለው። አንዳንዱ መንደር ድልድይ ሰራ፣ አንዳንዱ ጉድጓድ፣ አንዳንዱ ምንም አልሰራበትም። በቀጣዩ ዙር በደንብ ለሰሩት መንደሮች ብቻ 500 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ቶን ብረት ተጨመረ፣ ምንም ያልሰሩት አላገኙም። ሰነፉ መንደር ጎረቤቱን አይቶ ተነሳ።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን አብሮት የነበረውን ሳይነግሩህ እንዳይቀሩ። መንግስት ሩዝ ከገበሬው በጥሩ ዋጋ ይገዛ ነበር፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በሰዓቱ ይደርስ ነበር፣ መብራትም እየገባ ነበር፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ መብራት የነበረው የገጠር ቤት በጣም ጥቂት ነበር፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ያልገባለት ቤት ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ መሬቱ የገበሬው ነው። ማስገደድም ነበረበት፣ የሳር ጣሪያህን አፍርስ ተብሎ ሳይወድ ያፈረሰ ብዙ ነው።

ስለዚ ያንተ ቀበሌ ላይ ይሰራል ወይ ላልከው፣ ሲሚንቶውን ሰጥቶ ውሳኔውን ለመንደሩ መተው ይሰራል ብዬ አምናለሁ። የኛ ገበሬ በደቦና በወንፈል አብሮ መስራት ማንም አያስተምረውም። እኛ ጋር የሚበላሸው ምን እንደሚሰራ ከላይ ተወስኖ ሲመጣና ማዳበሪያው ደግሞ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ሲደርስ ነው፣ ይህንን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ገበሬ ማዳበሪያ ፍለጋ ወረዳ ተሰልፎ እየዋለ አስተሳሰብህን ቀይር ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሰራው፣ ሰው ቤት። ከደሞዜ አብዛኛውን ለቤተሰብ እልካለሁ። አንድ ሰው ኮሪያም እኮ ሰው ወደ ውጭ እየላከች ነው ያደገችው አለኝ። እውነት ነው? እኛ የምንልከውስ ሀገር ይቀይራል? (እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው። ከ1963 ጀምሮ 8,000 የሚጠጉ ኮሪያውያን ወንዶች ምዕራብ ጀርመን የከሰል ማዕድን ውስጥ ሰርተዋል፣ ከ10,000 በላይ ነርሶቻቸውም እዛው ሆስፒታሎች ውስጥ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ መሬት ስር የገባ ነበረ፣ ስራ ስላልነበረ። አንቺ ያለሽበት ሀገርም መጥተዋል፣ የጁባይልን ወደብ በ1976 ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋውሎ የሰራው ህዩንዳይ ነው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን በሳውዲ በረሀ ላይ በፈረቃ ሌሊትና ቀን ሰርተዋል።

ልዩነቱን ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይመለከትሻል። እነሱ የመጡት በቡድን ነው። የቀጠራቸው የራሳቸው ሀገር ኩባንያ ነው፣ ሀኪማቸውም ወጥ ቤታቸውም አብሯቸው መጥቷል፣ ጀርመን የሄዱትም በሁለት መንግስት ስምምነት ነው። አንቺ ግን ብቻሽን በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ነሽ፣ በካፋላ አሰራር ስፖንሰርሽ ሳይፈቅድ ስራ መቀየር አስቸጋሪ ነው፣ ደሞዝ ቢያስቀሩብሽ አብሮሽ የሚጮህ የለም። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሀገር ልጇን ስትልክ አብራ መሄድ አለባት።

ሀገር ይቀይራል ወይ ላልሽው፣ ኮሪያንም ብቻውን አልቀየራትም። የተላከው ገንዘብ ግን ታናሽ ወንድምና እህት አስተምሯል፣ ብዙ ኮሪያዊ የዛን ጊዜ ታሪክ ሲያወራ የሚያነሳው ይህንን ነው። አንቺም ከምትልኪው ላይ የትምህርት ቤቱን ለይተሽ "ይህ ለትምህርት ነው" ብለሽ ላኪ፣ ለራስሽም በስምሽ በተከፈተ ሂሳብ አስቀምጪ፣ በወንድም ስም አይሁን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም፣ ከመላክሽ በፊት የሁለት ሶስት ባንኮችን ዋጋ አወዳድሪ።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ሰርቻለሁ፣ ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም፣ ለዛ ነው የተውኩት። ስንጠይቅ ኮሪያም ቻይናም እንደዚህ ሆነው ነው ያደጉት ታገሱ ይሉናል። እስከ መቼ ነው የምንታገሰው? (ት.፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ት.፣ ያንቺን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ፓርኩ በ2016 ሲከፈት ብዙ ተስፋ ነበረ፣ በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን መነሻ ደሞዙን በወር 26 ዶላር ነው፣ በዓለም ላይ ካሉ ልብስ አምራች ሀገሮች ዝቅተኛው ነው አለ። በጥር 2022 ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን፣ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ፣ ስንት ሴት ልጅ ስራ ፈታ።

ኮሪያም እንደዚህ ነበረች የሚሉሽ ሰዎች ግማሹን ነው የሚነግሩሽ። ሴኡል ውስጥ ፕዮንግህዋ ገበያ የሚባል ቦታ ከሱቆቹ በላይ ባለው ፎቅ የልብስ ስፌት ቤቶች ነበሩ፣ ጣሪያው ሰው ቀጥ ብሎ የማያስቆም፣ ብናኝ የሞላበት፣ ከ13 ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ ሴት ልጆች በቀን 14 ሰዓት የሚሰሩበት። ጆን ቴ ኢል የሚባል የ22 ዓመት ልብስ ሰፊ የሀገሩን የሰራተኛ ህግ ገዝቶ አነበበ፣ ህጉ እንዳለ ገባው፣ ማንም እንደማያከብረውም። አቤቱታ ጻፈ፣ የሰማው የለም። ህዳር 13 ቀን 1970 እዛው ገበያ ላይ በራሱ ላይ እሳት ለቀቀ፣ እኛ ማሽን አይደለንም እያለ። እናቱ ሊ ሶ ሶን ከዛን ቀን ጀምሮ በ2011 እስከሞተችበት ድረስ ለሰራተኛ ስትታገል ኖራለች፣ እስር ቤትም ገብታለች። በ1987 ፋብሪካው ሁሉ አድማ መታ፣ በ1988 ዝቅተኛ የደሞዝ ህግ ስራ ላይ ዋለ፣ በ2025 በሰዓት 10,030 ዎን ደርሷል፣ 7 ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ በሰዓት። ታጋሽ ስለነበሩ አይደለም ይህ የመጣው።

እኛ ጋር ለግል ድርጅት ሰራተኛ በመንግስት የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም፣ የ2011 ዓ.ም የሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ቢያስቀምጥም። አሁኑኑ ልትጠቀሚበት የምትችይው ግን አለ። መደበኛ ስራ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ ትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ወሊድ 120 ቀን ነው፣ ከደሞዝ ጋር። ማህበር መመስረት መብት ነው። ወደፊት ሌላ ፋብሪካ ስትገቢ የትርፍ ሰዓትሽን ራስሽ በደብተር ጻፊ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ጓደኞችሽም ይጻፉ፣ ክርክር ቢመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የኮሪያ ድራማ እያየች እዛ መኖር ነው ምኞቷ፣ የኮሪያ ቋንቋም ብቻዋን ተምራለች። ሀገሩ በድራማው እንደሚታየው ነው እንዴ? (እናት፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ብዙው ነገር እውነት ነው። ባቡሩ በደቂቃ ይደርሳል፣ ሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ብዙም አትፈራም፣ ውሃና መብራት አይቋረጥም፣ የጤና መድህናቸው በ1977 በትልልቅ ኩባንያዎች ተጀምሮ በ1989 ለሁሉም ሰው ደርሷል፣ ሰዉ በአማካይ ከ83 ዓመት በላይ ይኖራል፣ እኛ ጋር 67 አካባቢ ነው። ይህንን እንደ ቀላል አላየውም፣ 16 ዓመት የልጅ ልጅ ማያ ዕድሜ ነው።

ድራማው ውስጥ በደንብ የማይታየው ኪራዩ ነው። ጆንሴ የሚሉት አሰራር አላቸው፣ ተከራዩ የቤቱን ዋጋ ግማሽ ወይም ከዛ በላይ በአንድ ጊዜ ለባለቤቱ ያስይዝና ሁለት ዓመት የወር ኪራይ ሳይከፍል ይኖራል፣ ሲወጣ ገንዘቡ ይመለስለታል። በቅርብ ዓመታት ግን አከራዮች ገንዘቡን ሳይመልሱ እየቀሩ ብዙ ወጣት ባዶ እጁን ቀርቷል፣ ህይወቱን ያጠፋም አለ። ሰዓቱ ረጅም ነው፣ የሳምንቱን ስራ በ52 ሰዓት የገደቡት ገና በ2018 ነው። ወጣቱ ማግባትና መውለድ እየተወ ነው፣ በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 0.72 ልጅ ነበር፣ በዓለም ዝቅተኛው፣ እኛ ጋር 4 ገደማ ነው። ሀገሪቷን የገነቡት አዛውንቶች ደግሞ ከ10 ወደ 4ቱ በድህነት ነው የሚኖሩት፣ ካርቶን በጋሪ ሰብስበው የሚሸጡ አሮጊቶች ሴኡል ውስጥ ታያለች። ራስን ማጥፋትም ካደጉት ሀገሮች ሁሉ የበዛው እዛ ነው። እኛ ጋር እድር አለ ጎረቤት አለ ብዬ ልጽናና አልፈልግም፣ ጎረቤት መድኃኒት አይሆንም፣ ግን ልጅዎ ስትሄድ ሰው እንደሚናፍቃት አውቃ ትሂድ። ቋንቋ ብቻዋን የተማረች ልጅ ጎበዝ ናት፣ አይከልክሏት።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የ2014 ዓ.ምን ፈተና ከወሰዱት ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምቼ ፈርቻለሁ። የኮሪያ ልጆች በምን ይበልጡናል? እዛ ሄዶ ለመማርስ ምን ያስፈልጋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በጭንቅላት አይበልጡህም። የነሱ ፈተና ሱኑንግ ይባላል፣ ህዳር ላይ ነው፣ በዛ ቀን መስሪያ ቤቶች አርፍደው ይከፈታሉ፣ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ሲሰጥ አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ይደረጋል። ሀገሩ ሁሉ ለተማሪው ጸጥ ይላል ማለት ነው። ብዙ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሀግዎን የሚባል የግል ማስጠኛ ይገባል፣ ሴኡል ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ህግ እስከማውጣት ደርሰዋል። ልጆቹ ይጨነቃሉ፣ ይህንን ክፍል እንድትመኘው አልፈልግም። መምህር ግን በጣም የሚከበርበትና ጥሩ የሚከፈልበት ሀገር ነው፣ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ አለ፣ አንተ ምናልባት መጽሐፉን በስልክ ፒዲኤፍ ነው የምታነበው። የ3.3 በመቶውን ውጤት ተማሪው ብቻውን አላመጣውም።

ለስኮላርሺፑ ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ የሚባለውን ፈልግ፣ ጂኬኤስ ይሉታል፣ የኮሪያ መንግስት የሚሰጠው ነው፣ የትምህርት ክፍያውን የአውሮፕላን ቲኬቱን የወር ኪስ ገንዘቡን ይሸፍናል፣ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ያስተምሩሃል። ለዲግሪም ለማስተርስም አለው፣ ማመልከቻው በአዲስ አበባ በኮሪያ ኤምባሲ ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው፣ ለዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም አካባቢ ይወጣል። የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕትህ ቢያንስ 80 በመቶ ወይም ደረጃህ ከትምህርት ቤትህ የላይኛው 20 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት፣ ስለዚ ያለህን ሴሚስተር በደንብ ያዝ፣ የትምህርት ማስረጃህን የማረጋገጥ ስራ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብለህ ጀምር። ማመልከት ነጻ ነው፣ ብር አምጣና እኔ አስገባሃለሁ የሚልህ ደላላ ካለ አትስጠው።